ስለ ሽማግሎች አእምሮ መዘግየትና ስለ ነጩ የአንጎል ክፍል

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ ስለ ሕፃናት ጥርስ አበቃቀል ጥቂት ቃል ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ በቤተ ሰቡ በሌላው ወገን ያሉትን፥ ማለት ሸምግለው ከምድጃ አጠገብ የተቀመጡትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን የሚመለከት ነገር ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ አስበናል። ነገሩ ከሊቃውንት ጽሑፍ የተገኘ ብቻ ሳይሆን፥ ከጥርባ በመጣ አንድ ወዳጃችን ምክንያት የተነሣ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን የእርሱን ታሪክ እንናገራለን።

ጥርባ በአዊ ዞን፥ ፈረስ እንደ ቤተ ሰብ በሚቆጠርበት አገር የምትገኝ ናት። የወዳጃችን አባት ከልጅነታቸው ጀምረው ጋላቢ ነበሩ። በ1932 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ እኒህ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ሸልመው ያልተገኙበት ዓመት ጥቂት ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ሁኔታቸው ተለወጠ። የለውጡም መጀመሪያ በእግራቸው ላይ ታየ። ርካብ ለመርገጥ ዘገዩ፤ ሲራመዱም እግራቸውን ከመሬት እምብዛም ሳያነሡ አጭር አጭር እየረገጡ መሄድ ጀመሩ። ቀጥሎም ነገር ሲጠየቁ መልሱን ያውቁታል፤ ዳሩ ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ ጠያቂው ይሰለቻል። ለማን ምን ያህል ብር እንዳበደሩ አልረሱም፤ ነገር ግን የበዓል ድግስ ማሰናዳት፥ ማለት በጉ መቼ ይገዛ፥ ማን ይጠራ፥ እህሉ ከየትኛው ጎተራ ይውጣ የሚለውን በየተራው ማስያዝ አቃታቸው። ጨዋታ ዐዋቂ የነበሩት ሰው ዝም አሉ። ሌሊትም ሽንት እያጣደፈ ያስነሣቸው ጀመር። ቤተ ሰቡም እንደ ልማዳችን «አባባ ጃጁ» አለና ነገሩን በዚያው ተወው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ከበቅሎ ወደቁ። ከወደቁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዝምታቸው ስለ በዛና ቀንም እንቅልፍ ስለ ጫናቸው፥ በእንጅባራ ያለ አንድ ዘመዳቸው፥ እርሱም የሕክምና ትምህርት ያለው ነው፥ ነገሩን ሰምቶ ደነገጠ። ሽማግሌ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም እንደሚችል፥ ይህም በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሰውየው እንደ ቀድሞው ሊሆን እንደሚችል ነገራቸው። ስለዚህ ሽማግሌውን ይዘው ወደ ትልቅ ከተማ ሄዱና የጭንቅላት ሥዕል በማግኔት መኪና አስነሡ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተጠራቀመ ደም አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነገር ነበረ፤ በአንጎላቸው መካከል፥ ውኃ በሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ዙሪያና ከዚያም ወጣ ብሎ፥ እንደ በረዶ ጠብታ የሚያበሩ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። ሥዕሉን ያየው ሐኪም «ይህ የዕድሜ ነው» ብሎ አሰናበታቸው።

ወዳጃችን ሥዕሉን በብብቱ ይዞ ወደ እኛ ዘንድ መጣ፤ «ዕድሜ ነጥብ አለውን?» ብሎም ጠየቀን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ጥያቄው መልካም ስለ ሆነ፥ ከሚያውቁት ጠይቀንና የተጻፈውን አንብበን ያገኘነውን እነሆ እንጽፋለን።

የሰው አንጎል ሲቆረጥ ሁለት መልክ ይታይበታል። በስተ ውጭ እንደ ልጥ የሸፈነው ክፍል አመድማ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው ደግሞ ነጭ ነው። የሰው ሐሳብ የሚመነጭበት አመድማው ክፍል ነው ተብሎ ስለሚታመን፥ ብዙ ዘመን የሊቃውንት ዓይን በእርሱ ላይ ብቻ ተተክሎ ኖረ። ነጩ ክፍል ግን ምንድን ነው? አመድማውን እንደ ልዩ ልዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብናስበው፥ ነጩ መሥሪያ ቤቶቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው የስልክ ሽቦ ነው። ረጃጅም የነርቭ ክሮች በእልፍ አእላፍ ተጠማምረው ይተላለፉበታል፤ እያንዳንዱም ክር የስልክ ሽቦ ጎማ እንደሚለብስ ማየሊን የሚባል ስብ ለብሷል። ነጭ ያስመሰለውም ይኸው ስብ ነው። ስቡ ባለበት መልእክቱ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ስቡ ሲሳሳ መልእክቱ ይዘገያል፥ አንዳንድ ጊዜም በመንገድ ይቀራል። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት ጸሐፊዎች ሁሉ በቦታቸው ቢኖሩም ሽቦው ከተበላሸ ሥራው እንደሚጓተት፥ በመሥሪያ ቤት የቆየ አንባቢ ያለ እኛ ንግግር ያውቀዋል።

የሽቦውን ርዝመት ለመለካት የደፈሩ ሰዎች አሉ። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዴንማርክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፥ በ20 ዓመት ወንድ አንጎል ውስጥ ያለው ስብ የለበሰ ክር ሁሉ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ 176 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆን ገመቱ፤ ይኸውም የምድርን ወገብ ከ4 ጊዜ በላይ የሚዞር ነው። በ80 ዓመት ግን የቀረው 97 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሴቶችም ከ149 ሺህ ወደ 82 ሺህ ይወርዳል። እንግዲህ ማንም ሰው ቢሆን፥ ጤነኛም ቢሆን፥ በየ10 ዓመቱ ከመቶ 10 ያህል ሽቦ ይጎድልበታል ማለት ነው። ሽማግሌ ሰው ነገሩን ቀስ ብሎ ማሰቡ፥ ስም ፈልጎ ጥቂት መቆየቱ ከዚህ የመጣ ነውና ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም። በእውነቱ ቀስ ብሎ ማሰብ ለብዙ ወጣቶች ቢጎድላቸው የምንመኘው ነገር ነው።

በጥርባው ሽማግሌ ሥዕል ላይ የታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ነጩን የአንጎል ክፍል የሚያጠጡት የደም ሥሮች ከአንጎሉ ፊት ተነሥተው ወደ ጥልቁ የሚወርዱ፥ ረጃጅምና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። መስኖ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ውኃው ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርቀው ከቦዩ መጨረሻ ያለው እርሻ ነው። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር የእነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳ ይደነድናል፥ ቀዳዳቸውም ይጠባል፤ ከመጨረሻቸው ያለው ነጭ ክፍልም በቂ ደም ሳያገኝ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ስኳር በሽታና ትምባሆም በዚሁ ሥራ ይተባበራሉ። የሚያስደንቀው፥ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም አይሰማውም። ራስ ምታት የለውም፥ ትኩሳት የለውም፤ በ40ና በ50 ዓመቱ ሥራውን እየሠራ፥ ፈረሱን እየጋለበ የጀመረ ነገር በ70 ዓመቱ ርካብ ላይ ይገለጣል።

ነገሩ በሬሳ ምርመራ ከታወቀ ቆይቷል። በጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ሐኪም ኦቶ ቢንስዋንገር በ1894 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ ነጩ የአንጎል ክፍላቸው ስለ ተጎዳ አእምሯቸው የደከመ ሰዎችን ሁኔታ ጽፏል። የእርሱ ዘመን ሰው አሎይስ አልዛይመር ደግሞ በ1906 ስለ አንዲት ሴት በሽታ ባሰማው ንግግር ምክንያት ስሙ በዓለም ሁሉ ተጠራ። ከዚያ በኋላ መርሳት ሁሉ በአልዛይመር ስም ይጠራ ጀመርና የቢንስዋንገር ነገር ተዘነጋ። ደግሞም ሰውየው ካልሞተ በቀር ነጩን ክፍል ማየት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም፤ ተራው የራጅ ሥዕል አጥንትን እንጂ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ለስላሳ ነገር አያሳይም።

መንገዱ የተከፈተው በሁለት መኪናዎች ነው። አንደኛው ሲቲ ስካን የሚባለው ሲሆን፥ ራጅን ከልዩ ልዩ ወገን አስተኩሶ በኮምፒዩተር ያቀናብራል፤ በ1971 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው በሽተኛ ታየበት። ሁለተኛው ኤም አር አይ የሚባለው የማግኔት መኪና ነው። የዚህን መንገድ አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በ1973 አሳየ፤ እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም አስፋፋው፤ ሁለቱም በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ሥራው እንዲህ ነው። በሰውነታችን ባለው ውኃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ የሃይድሮጅንም እንብርት እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ሰውየው በትልቁ ማግኔት ውስጥ ሲተኛ እነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ መኪናው የራዲዮ ሞገድ ሲልክባቸው ይናወጣሉ፤ ሞገዱ ሲቆም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደግሞ እነርሱ ራሳቸው ሞገድ ይሰጣሉ። ይህን ሞገድ መኪናው ሰምቶ ሥዕል ያደርገዋል። እንግዲህ መኪናው የሚያየው በተለይ ውኃን ነው ማለት ይቻላል። የተጎዳ የነጭ ክፍል ስቡን አጥቶ ውኃ ስለሚይዝ፥ ፍሌር በሚባለው የሥዕል ዓይነት ላይ ያበራል።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እናስታውቅ። በዚያ ሥዕል ላይ ጤነኛው ነጭ ክፍል ነጭ ሆኖ አይታይም፥ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፤ ነጭ ሆኖ የሚያበራው የተጎዳው ቦታ ነው። ወዳጃችንም አስቀድሞ ያስቸገረው ይኸው ነበር፤ ነጭ የተባለው ሁሉ መልካም መስሎት ነበርና።

ከዚህ ሥዕል ወዲህ ብዙ ነገር ተማርን። በ1987 በካናዳ የሚኖረው ሐኪም ቭላዲሚር ሐቺንስኪና ባልደረቦቹ ለዚህ የነጭ ክፍል መሳሳት ከግሪክ ቃል «ሉኮአራዮሲስ» የሚል ስም አወጡለት፤ በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ፋዜካስና ባልደረቦቹ ጉዳቱን ከ0 እስከ 3 የሚመድብ መለኪያ አወጡ። 0 ምንም የለም፤ 1 ጥቂት የተበታተኑ ነጥቦች፤ 2 ነጥቦቹ መገናኘት ሲጀምሩ፤ 3 ተገናኝተው አንድ ሰፊ መስክ ሲሆኑ ነው። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በሐኪሞች ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሥዕል ያስነሣ ቤተ ሰብ «ነጥብ አለው» መባሉን ሰምቶ ከመመለስ ይልቅ «ፋዜካስ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። የጥርባው ሽማግሌ 3 ናቸው። ከ1 እስከ 3 ያለው ልዩነት በጢስና በቃጠሎ መካከል እንዳለው ልዩነት ስለ ሆነ፥ ሁሉን «የዕድሜ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መሸኘት ትክክል አይመስለንም።

በሆላንድ አገር በሮተርዳም ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆነ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች በማግኔት መኪና ታይተው፥ አንድም ነጥብ ያልተገኘባቸው ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጥቂት ነጥብ የሌለው ሽማግሌ እምብዛም አይገኝም፤ ብዙዎቹም ልባቸው የነቃ፥ ምክራቸው የሚፈለግ ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ በ2010 የብዙ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ፥ ብዙ ነጥብ ያለበት ሰው ወደ ፊት ስትሮክ የሚያገኘው 3 እጥፍ ያህል፥ በመርሳት በሽታ የሚያዘውም 2 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሰማ ቤተ ሰብ ወይ ያለ ምክንያት ይደነግጣል ወይ ያለ ምክንያት ይተኛል።

ከነጥቡ አልፎ የሚያይ ሌላ ዘዴም አለ። በጤነኛ ነጭ ክፍል ውስጥ ውኃ በክሩ ርዝመት ይፈስሳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ በቦይ እንዳለ ውኃ ማለት ነው። ክሩ ሲጎዳ ውኃው ወደየአቅጣጫው ይንጠባጠባል። በ1994 በአሜሪካ ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ ይህን የውኃ አካሄድ መለካት እንደሚቻል አሳዩ፤ በዚህም ዘዴ በተራው ሥዕል ገና ነጥብ ያልታየበት ቦታ እንኳ መዳከሙ ይታወቃል። በእርጅና ጊዜ ቶሎ የሚዳከመው በግምባር በኩል ያለው እንደ ሆነም ታይቷል። ማሰናዳትና ማቀድ፥ አንዱን ነገር ትቶ ወደ ሌላው መሸጋገር የዚያ ክፍል ሥራ ስለ ሆነ፥ ብድሩን ያልረሱት ሽማግሌ ድግሱን ማሰናዳት ለምን እንዳቃታቸው ከዚህ ይገባናል። የእግርም ክሮች በዚያው ጥልቅ መንገድ ያልፋሉ። በአልዛይመር የተያዘ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋበት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ቁርስ መብላቱን ይረሳል፥ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፥ እግሩ ግን እስከ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። በእርጅና ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ብዙ ነው፤ በአልዛይመርም ውስጥ ነጩ ክፍል መጎዳቱ አልቀረም።

ዛሬ የማግኔት ሥዕል በዓለም ተሰብስቦ እንደ ሕፃናት የክብደት ሰንጠረዥ ያለ የአንጎል ሰንጠረዥ ተሠርቷል። በ2022 የታተመው ይህ ሥራ ከ100 ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎችን ሥዕል የያዘ ነው፤ የነጩ ክፍል መጠን ወደ 29 ዓመት ገደማ ከፍተኛው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስም ያሳያል። ነገር ግን ሥዕሎቹ በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሰዎች የተነሡ መሆናቸውን ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ የተወለደ፥ ገብስና ድንች የበላ፥ ዕድሜውን ሁሉ በእግሩ የሄደ የአዊ ገበሬ አንጎል በ75 ዓመቱ ምን ይመስላል ለሚል ጥያቄ ያ ሰንጠረዥ እምብዛም አይመልስም። ይህን ሊመልሱ የሚችሉት የራሳችን ሊቃውንት ናቸው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ምሳሌ አለን፤ የአገራችን የመጀመሪያው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በቡታጅራ ወረዳ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አስጠይቀው የሚጥል በሽታን ብዛት አስታወቁ፤ ስለ ጓያ በሽታም መርምረው ጻፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የነርቭ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ፤ ዳሩ ግን ቁጥራቸው ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው።

ስለ ምርመራው ሌላ የምናስበው ነገር አለ። የአእምሮን ድካም ለመፈተን ሐኪሞች ቀን ይጠይቃሉ፥ ሰዓት ያስሥላሉ፥ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሰዓት ሥሎ አያውቅም፤ ቀኑንም በወር ቁጥር ሳይሆን በበዓልና በጾም ያውቀዋል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አውኚ የሆነ የጥርባ ሽማግሌ በአማርኛ በችኮላ ሲጠየቅ ቢደናገር አእምሮው ደክሟል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሽማግሌው ጋር የሚሄደው ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ፥ ከሁለት ዓመት በፊት ምን ይሠሩ እንደ ነበርና ዛሬ የቱን እንዳልቻሉ ለይቶ የሚናገር ቢሆን ከብዙ ፈተና ይሻላል።

ወደ መኪናው የሚሄዱም ሰዎች ጥቂት ነገር አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። መኪናው ራጅ የለውም፤ ነገር ግን እንደ መዶሻ ድምፅ ይጮኻል፥ ስፍራውም ጠባብ ነው፤ ብዙ ደቂቃም ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ያስፈልጋል። ማግኔቱ ከምድር ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል የሚበረታ ስለ ሆነ፥ የብረት ነገር ሁሉ ከደጅ ይቀራል። የአንገት መስቀል፥ የብር ጌጥ፥ ቢላዋ ይወልቃል። በልቡ መምቻ መኪና የተተከለለት ሰው ካለ አስቀድሞ ይነገር። በአገራችን ደግሞ የማይረሳ አንድ ነገር አለ፤ በጦርነት ቆስሎ ጥይት ወይም የቦምብ ስብርባሪ በሰውነቱ የቀረበት ሰው ብዙ ነው፤ ይልቁንም በዓይን አካባቢ ያለ ብረት ከተንቀሳቀሰ አደጋ ነው። ሽማግሎች ይህን እንደ ተራ ነገር ቆጥረው ሳይናገሩት ይቀራሉ፤ ልጆቻቸው ይጠይቋቸው።

ወዳጃችን «እሺ፥ ሥዕሉ ተነሣ፤ መድኃኒቱስ?» አለን። የደረቀውን መስክ መልሶ የሚያለመልም መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። የተገኘው መስኩ እንዳይሰፋ የሚያደርግ ነገር ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያለፈ፥ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ሁለት ወገን ተደርገው ተከፈሉ፤ የአንደኛው ወገን የላይኛው ግፊት ከ120 በታች፥ የሁለተኛው ከ140 በታች እንዲሆን ታከመ። አንጎላቸው ከ4 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሲታይ፥ በአንደኛው ወገን ነጥቡ በአማካይ በ0.92 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፥ በሁለተኛው በ1.45 ጨምሮ ተገኘ። በ2019 የታተመው ይህ ውጤት ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር የአንጎላቸው ጠቅላላ መጠን በአንደኛው ወገን ጥቂት በለጥ ብሎ ቀንሷል። ነገር ግን ያንኑ ጊዜ የአእምሮ መድከም መጀመሪያ የሚባለው ሁኔታ በአንደኛው ወገን አነስ ብሎ ታየ። ቁጥሩም ለሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲነሡ ለሚያዞራቸው ደካማ ሽማግሎች ግፊቱን እጅግ ማውረድ መውደቅን ስለሚያመጣ መጠኑን ሐኪም ይወስናል።

ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር ዮናስ ገዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ያደረጉትም ጥናት ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። በ2010 ባወጡት ጽሑፍ 1,324 ሰዎች ተጠይቀው፥ በጎልማስነታቸው መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ያደርጉ የነበሩት፥ እንደ ፈጠን ያለ እርምጃ ያለውን፥ የአእምሮ መድከም መጀመሪያ የተገኘባቸው ከሌሎቹ ከመቶ 39 ያህል ባነሰ መጠን ነበረ። ይህ ለጥርባ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ እርሱ ሲሄድ ይውላል። የሚያስፈራን በመኪና ሄዶ በወንበር ተቀምጦ በመኪና የሚመለሰው የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአገራችን በተደረገው የጤና ቆጠራ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት ሲገኝባቸው፥ አብዛኞቹ መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አባት «ጃጁ» ከተባሉ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። መሬቱን የሚከፋፍሉት ይሰበሰባሉ፥ ውል ይዘጋጃል፥ ጣታቸው ቀለም ይነከራል፤ ወይም በተቃራኒው በዳኛ ፊት የሚያውቁትን የወሰን ድንጋይ ሊመሰክሩ ሲመጡ «እርሳቸውን ተዉአቸው» ይባላል። ነጩ ክፍል ብቻ የተጎዳበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ያውቃል፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ጥያቄውን አንድ በአንድ፥ ያለ ጫጫታ ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ መታገሥ ይገባል። በሌላ በኩል ብዙ ነገር በአንድነት መዝኖ መወሰን፥ እንደ መሬት ሽያጭ ያለው፥ በእርግጥ ሊያዳግተው ይችላል። እንግዲህ ምስክርነቱን መስማትና ውሉን ማዘግየት የሚገባበት ሰው አለ ማለት ነው። ዳኞችና የውል ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት ቢያስቡት፥ በኋላ በወንድማማች መካከል የሚነሣው ብዙ ክርክር በቀረ ነበር። ሥዕሉ ይህን ለመወሰን ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየውን አነጋግሮ መመርመር ያስፈልጋል።

ደግሞም «ጃጁ» ተብሎ ከመተው በፊት የሚድነው ነገር መለየት አለበት። ከላይ የተናገርነው የተጠራቀመ ደም አንዱ ነው። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፥ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፥ ከባድ ኀዘን፥ የጆሮ መደንቆር፥ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒትም አእምሮን ያዘገያሉ፤ እነዚህም በደም ምርመራና በጥያቄ ይታወቃሉ እንጂ ሁሉ ትልቅ መኪና አያስፈልጋቸውም። ነገሩ በወራት ሳይሆን በቀናት ከተለወጠ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ለጥርባው ሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞላቸዋል፤ የላይኛው ግፊታቸው 170 የነበረው ዛሬ 138 ነው። ሌሊት እንዳይወድቁ ከመኝታቸው እስከ ደጅ ያለው መንገድ መብራት ተደርጎበታል። በቅሎ አይቀመጡም፤ ጠዋትና ማታ ግን ከልጅ ልጃቸው ጋር እስከ ወንዙ ደርሰው ይመለሳሉ። ባለፈው ጥር ፈረሳቸውን ልጃቸው ጋለበው፤ እርሳቸው ከተመልካቾች መካከል ተቀምጠው የዛብ ልኩን ካዩ በኋላ ብዙ ቆይተው «ግራው ላልቷል» አሉ። ሲታይም ላልቶ ተገኘ።

ወዳጃችን ሥዕሉን ከእኛ ዘንድ ተቀብሎ ሊሄድ ሲነሣ፥ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ጠየቅነው። 47 አለን። ክንዱን አስለክቶ ያውቅ እንደ ሆነም ጠየቅነው፤ ሳቀ። በማግሥቱ በሰፈራችን ካለው የጤና ጣቢያ አብረነው ሄድን። የመጀመሪያው ልኬት 158 በ98 ሆነ። ነርሷ ጥቂት አረፍ በሉ ብላ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ለካችው፤ 154 በ96 ነበረ። በሳምንቱ ተመልሶ እንዲለካ ወረቀት ጻፈችለት፤ እርሱም ወረቀቱን አጥፎ ከአባቱ ሥዕል ጋር በአንድ ፖስታ አኖረው።